እጃችሁን አውጡ

ጎሚስታው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተናገረ ዕለት ሊናገር አስቦ አልነበረም። ወደ ስብሰባው የሄደውም ሱቅ ዘግታችሁ ኑ ስለተባለ ብቻ ነው። በመናኸሪያው ዙሪያ ያለ ነጋዴ ሁሉ፣ ጸጉር አስተካካዩም፣ ጫማ ሻጩም፣ ሽማግሌው ሰዓት ሠሪም በሩን ቆልፎ ወደ ሲኒማ ቤቱ አዳራሽ ተግተልትሎ ገባ። እሱ የተቀመጠው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር፤ የአስተናጋጆቹ ዐይን ዘወር ሲል ላጥ ብሎ ሊወጣ።

አዲሱ መሪ ሥልጣን ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። በምርጫው ሰሞን «እኔ የእናንተው ሰው ነኝ» እያለ ከተማ ለከተማ ስለዞረ ስሙን የሚጠራው ጠፍቶ ሁሉም «የእናንተው» ይለው ጀመር። ወዳጁም በፍቅር፣ ጠላቱም በሽሙጥ፣ ያው የእናንተው ነው። ያን ቀን የእናንተው ራሱ መድረክ ላይ ነበር፤ ኮቱን አውልቆ፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ።

«እኔ ልናገር አልመጣሁም። ልሰማ ነው የመጣሁት። ማን ይናገራል?»

ሰው ሁሉ ጉልበቱን ያያል። ጎሚስታው ይህን ጊዜ ነው ሹልክ ማለት ብሎ ብድግ አለ። የመድረኩ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ ማይክራፎኑን አፉ ላይ ደቀነበት።

«እኔ... ጎሚስታ ነኝ» አለ፣ ሌላ የሚለው ጠፍቶት። ማንም አላቋረጠውም፤ ስለዚህ ቀጠለ። «እዚያ መናኸሪያው ጋ ጎማ እለጥፋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን የሚያኖረኝ የመንገዱ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ በበዛ ቁጥር ገበያዬ ይደራል። የልጆቼን ደብተር የሚገዛልኝ እሱ ነው። እንግዲህ ጉድጓድ የሚያበላኝ ሰው ተነሥቼ መንገዱ ይሠራ ካልኩ፣ የሌላው ሰው ምሬት የት እንደደረሰ እናንተው ገምቱት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእናንተው ከመድረኩ ወርዶ፣ ወንበሮቹን አቋርጦ መጣና አቀፈው። የቱታው ግሪስ ነጩ ሸሚዝ ላይ ታተመ፤ ፎቶ አንሺዎቹም ያንኑ ግሪስ ለማንሳት ተጋፉ። «ባለሙያ ሰብስቤ ምን ልሠራ ነው?» አለ የእናንተው፣ እጁን ጎሚስታው ትከሻ ላይ ጥሎ። «ይኸው የሕዝብ ድምፅ!»

መንገዱ ተሠራ። ጉድ ተባለ። የመናኸሪያው ሾፌር ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ክላክስ እያደረገ እጁን ያወጣለት ነበር። ጎሚስታውን ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኘው የታላቅ እህቱ ነገር ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች፤ እሱ «እታለም» ስለሚላት ሰፈሩም እታለም ይላታል። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በእናታቸው ቤት፣ ብቻዋን ትኖራለች። በቀላሉ የምታሞግስ ሴት አይደለችም። መንገዱ ያለቀ ዕለት ግን ሱቁ ድረስ መጥታ «አንተ ድሮም አፍህ አያርፍም፤ ዛሬ ገና ለቁም ነገር ዋለ» አለችው። ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንዳለ ዋለ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ሴት በመንግሥት መኪና መጣች። የሕዝባዊ ምክክር አስተባባሪ ነኝ አለች። ረጋ ያለች፣ ሰው አክባሪ፣ ስትናገር እጇን ደረቷ ላይ የምታደርግ ልጅ ነች። «ጋሼ፣ የፊታችን ማክሰኞ ሌላ መድረክ አለን። እርስዎ ባይገኙ ቅር ይለናል።» ሄደ። ቀጥሎም መጣች፣ ቀጥሎም ሄደ። ስለ ትምህርት ቤት ተመከረ፣ ስለ ፍርድ ቤት ተመከረ፣ ስለ ወደብ ተመከረ፤ ጎሚስታው በዕድሜው መርከብ አይቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣል። ሁልጊዜም የእናንተው በሆነ ሰዓት ላይ ወደ እሱ ዘወር ይልና «እስቲ ጎሚስታው ምን ይላል?» ይላል።

አንድ ጊዜ ባለቤቱ ቱታውን አጥባ፣ ተኩሳ አለበሰችው። «አገር የሚያይህ ሰው ሆነህ እንዲያ ተጨማልቀህ አትሄድም» ብላው ነው። አስተባባሪዋ አዳራሹ በር ላይ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ውይ ጋሼ፣ ምነው ታጠበ?»

«ንጹሕ ሆኜ መምጣቴ ነውር ሆነ እንዴ?»

«ነውርስ አይደለም። ግን ሰው አያውቅዎትም እኮ።»

አጠገቧ የነበረው ካሜራ ያዥ ወደ መኪናው ሄዶ ከሞተሩ ላይ በጨርቅ ዘይት ጠርጎ መጣ። ደረቱ ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ጉንጩም ላይ ትንሽ ቀቡት። ጎሚስታው እጆቹን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ቆመላቸው። ማታ ባለቤቱ ቱታውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ያን ቀን ሱቅ እንዳልከፈተ ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ቱታውን አጥባለት አታውቅም።

የመሐንዲሷ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእናንተው ለዳር ሰፈሮች ሁሉ ሥልጣን የያዘበት ዓመት በዓል ሲደርስ ውሃ አስገባለሁ ብሎ ነበር። በመድረኩ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች የውሃ መሐንዲስ ተነሥታ፣ ግድቡ ያለው ውሃ ለዚያ አይበቃም፣ ሌላ ምንጭ እስኪጠና ጊዜ ይሰጠን አለች። በደንብ ነበር የተናገረችው፤ ጎሚስታው ራሱ እውነቷን ነው እያለ በልቡ ይሰማት ነበር። የእናንተው ግን ዘወር አለ።

«ጎሚስታው! ጎማው የፈነዳበት ሾፌር መጥቶ አንተ ‹ቆይ መጀመሪያ ላጥና› ብትለው ምን ይልሃል?»

አፉ ቀደመው። «በክሪኩ እጀታ ነዋ የሚያጠናኝ!» አለ።

አዳራሹ ተንከተከተ። መሐንዲሷ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ አንዱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሳላትም። በሳምንቱ ከሥራ መነሣቷ በዜና ተነገረ። ከዜናው በፊት የጎሚስታው ቀልድ ነበር፤ ከዜናውም በኋላ እንደገና አሳዩት። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ሳቅ አየ። «እኔ እኮ ቀልድ ብዬ ነው» አለ ለባለቤቱ። «አውቃለሁ» አለችው፤ ቴሌቪዥኑንም አጠፋችው።

አንድ ጠዋት አስተባባሪዋ ከወትሮው ቀልጠፍ ብላ መጣች። ከመኪናዋ ሁለት ንጣፍ ድንጋይ አውርዳ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማስቲሹ ቆርቆሮ አጠገብ አስቀመጠች። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ግራጫ።

«ጋሼ፣ የሚቀጥለው መድረክ የእርስዎው ሰፈር ነው! የሕዝብ አደባባይ ሊሠራ ነው። አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ የሚመክርበት ሰፊ ሜዳ። ከእንግዲህ በጠባብ አዳራሽ መታፈን ቀረ።»

«የት ላይ?»

«እዚሁ። ከመናኸሪያው እስከ ወንዙ።»

ጎሚስታው ቀዳዳውን የሚፈልግለትን የጎማ ከለመዳሪያ የውሃ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። «እዚያ ላይ እኮ ቤቶች አሉ።»

«አሁን አሉ» አለች በለሆሳስ።

«እና ሕዝቡ ምን ሊመክር ነው የሚሰበሰበው?»

ሁለቱን ድንጋዮች በጣቷ አመለከተች። «ቀይ ይሁን ወይስ ግራጫ። ንጣፉን ሕዝቡ ነው የሚመርጠው።»

ጎሚስታው ድንጋዮቹን አየ፣ እሷን አየ። የምትቀልድ መስሎት ፊቷ ላይ ሳቅ ፈለገ፤ አላገኘም።

«እኔ ይህ ነገር ይቅር ብል?»

«ይበሉ እንጂ ጋሼ! መድረኩ ነጻ ነው። የመሰለዎትን ይናገሩ።» ይህን ስትል እጇ ደረቷ ላይ ነበር፤ ከልቧም ይመስላል። ይበልጥ ያስፈራውም ይኸው ነው።

ወሬው ከእሱ አፍ ሳይወጣ ሰፈሩን አዳረሰ። ጸጉር አስተካካዩ መጣ፣ ሰዓት ሠሪው መጣ፣ በዓመት አንዴ ሰላም የማይሉት ሰዎች ሳይቀሩ ሱቁ በር ላይ ተኮለኮሉ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ የእናንተው አንተን ይሰማል። በመጨረሻ እታለም መጣች። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ለማንም ለምኜ አላውቅም። አንተን ሳሳድግ እንኳ ጎረቤት ደጅ አልቆምኩም» አለች። «አሁን ግን እለምንሃለሁ። እናታችን የሞተችው በዚያ ቤት ነው፤ እኔም ሌላ ቦታ መሞት አላውቅበትም። ተናገርልን።»

«እናገራለሁ እታለም። ሙቼ እገኛለሁ እንጂ አልተውም።»

የመድረኩ ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ከኋላ ሦስት ረድፍ ያህል ተሰጥቷቸዋል። የቀረው ወንበር በሙሉ ከሌላ ቦታ በአውቶቡስ በመጡ፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ ባደረጉ ሰዎች ተይዟል። ጎሚስታው አውቶቡሶቹን ውጭ ቆመው አይቷቸዋል፤ አንደኛው የኋላ ጎማው እየተነፈሰ ነበር።

የእናንተው ስለ አደባባዩ ተናገረ። ስለ ሕዝብ ተናገረ። ከዚያ እንደ ልማዱ ዘወር አለ። «እስቲ ጎሚስታው ምን ይላል?»

ጎሚስታው ተነሣ። ያጠናው ቀልድ ነበረው፤ ተወው።

«እኔ አልስማማም» አለ። «ቀይም አልፈልግ፣ ግራጫም አልፈልግ። እዚያ ሰው ይኖራል። እህቴ ትኖራለች። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ቤታችሁ ይፍረስ ወይ ተብሎ ነው። እሱን ማንም አልጠየቀንም። የምትጠይቁን ቤታችን ከፈረሰ በኋላ መሬቱ ምን ይልበስ ብላችሁ ነው። እኔ በሰፈሬ ስም አይሆንም እላለሁ። አይሆንም።»

አንድ ሰው ሳል ጀመረና አቋረጠ። አስተባባሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። ጎሚስታው ማይክራፎኑን እንደያዘ፣ አሁን ይወስዱኛል ብሎ አሰበ። ደግሞም እፎይ አለ። ለብዙ ጊዜ ያላገኘው እፎይታ ነው።

የእናንተው ማጨብጨብ ጀመረ። ብቻውን፣ ቀስ እያለ። ቀጥሎ ኮፍያ ያደረጉት ሁሉ አጨበጨቡ።

«አያችሁ?» አለ የእናንተው፣ ድምፁ በስሜት እየተቆራረጠ። «አያችሁ! ፊት ለፊቴ ቆሞ አይሆንም አለኝ! ባለፉት ሰዎች ዘመን ይህ ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር? ነጻነት የለም የሚሉን የታሉ? መጥተው ይዩት!» ወርዶ አቀፈው። ጎሚስታው ክንዶቹ ተንጠልጥለው ቀሩ። በጆሮው «ጎበዝ» አለው፤ ሽቶው ይሸታል። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እንግዲህ የወንድማችንን ሐሳብ ሰምተናል፣ አክብረናል። ወደ ውሳኔው እንሂድ። ቀይ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!»

የእጅ ጫካ ተነሣ።

«ግራጫ የምትሉስ?»

ጥቂት እጅ ተነሣ። ጎሚስታው ወደ ኋላ ሲመለከት ጸጉር አስተካካዩ እጁን አውጥቷል። ሰዓት ሠሪውም። አጠገባቸው እታለም ክንዶቿን አጣጥፋ እሱን ብቻ ታየዋለች።

«ምን ማለትህ ነው?» አለው ጸጉር አስተካካዩን ውጭ ሲገናኙ።

«እኔ እንጃ» አለ ሰውየው፤ ማልቀስ ዳር ዳር እያለው። «እጃችሁን አውጡ ሲል ወጣ። ቀይ ከምል፣ ቢያንስ ግራጫው ቆሻሻ አይታይበትም ብዬ... እኔ እንጃ።»

«አይሆንም» ያለበት ምስል ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ታየ። ዜናው «የተቃውሞ ሐሳቦችም በሰፊው ተስተናግደዋል» ይላል፤ ቀጥሎ ጎሚስታው፣ ቀጥሎ እቅፉ፣ ቀጥሎ የእጅ ጫካው። ከውጭ የመጡ እንግዶች ሱቁ ድረስ ተመርተው መጥተው ጨበጡት። የቤት ማፍረሱ ኮሚቴ ሲቋቋም አባል ሆኖ ስሙ ተነበበ፤ የተቃዋሚው ወገን ወኪል ተብሎ። አልጠየቁትም።

ሰፈሩ ግን ዐይኑን ነሳው። ሰዓት ሠሪው ነው በቀጥታ የነገረው። «ድራማውን አሳምረህ ሠራኸው። እኔ እንኳ ለአፍታ አምኜህ ነበር።» ጎሚስታው መሐላ ቢደረድር፣ እንባ ቢተናነቀው፣ ሽማግሌው አጉሊ መነጽሩን ዐይኑ ላይ አድርጎ ወደ ሥራው ዞረ። እታለም ቤቷ ሲፈርስ ዕቃዋን እንዲያወጣላት እንኳ አላስጠጋችውም። የማታውቃቸውን ሁለት ተሸካሚዎች ቀጠረች። ከማዶ፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ የእናቱ አልጋ በሰው ጀርባ ሲወጣ አየ።

አስተባባሪዋ እንደገና ስትመጣ ቁርጡን ነገራት። «ልጄ፣ ከእንግዲህ አልሄድም። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

በር ላይ እንደቆመች ወደ መኪናዋ ገልመጥ አለች። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቷል። «ጋሼ፣ እርስዎ ከቀሩ ‹ያ አይሆንም ያለው ሰው የት ገባ?› ይባላል እኮ። ያኔ ለእርስዎ ጥሩ አይደለም። እኔም አልተርፍም።»

«ታምሟል በይ።»

«አበባ ይዘው ከካሜራ ጋር ይመጣሉ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መቅረት ቢቻል፣ እኔ መጀመሪያ የቀረሁ ነበርኩ።» እጇ ይህን ጊዜ ደረቷ ላይ አልነበረም። መኪናው ክላክስ አደረገ፤ ጎሚስታው ሱቁን ቆለፈና መኪናው ውስጥ ገባ።

በዚያ መድረክ ላይ ሌላ ዘዴ ሞከረ። ማይክራፎኑን ሲሰጡት ዝም አለ። ዝም ብሎ ቆመ። ጥርሱን ነክሶ፣ ዐይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ዝም አለ። መናገርን ከወሰዱብኝ፣ ዝምታን እንዴት ይወስዱብኛል ብሎ ነበር። የእናንተው ራሱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀና «ደስታ አፉን ያዘው» አለ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

አደባባዩ በቀይ ንጣፍ ተሠርቶ አለቀ። ሰፈሩ ሁሉ ሲነሣ የጎሚስታው ሱቅ ብቻ እንዳይነካ ተወሰነ፤ የሕዝብ ድምፅ ከቦታው አይነቃነቅም ተብሎ። አዲስ ቀለም ቀቡለት። መናኸሪያው ግን ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል፤ አደባባዩ ላይ ደግሞ መኪና አይገባም። ጠዋት ይከፍታል፣ ኮምፕሬሰሩን ያስነሳል፣ መልሶ ያጠፋዋል። የሚለጠፍ ጎማ የለም። ሰዎች መጥተው አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። «መሄጃ የለንም እንዴ?» አለችው ባለቤቱ አንድ ቀን። የኮሚቴ አባል ከከተማ ሲወጣ ማሳወቅ አለበት።

እታለምን ካያት ወራት አልፈው ነበር፤ አንድ እሑድ ቆረጠና ተነሣ። የተሰጣት ክፍል በከተማው ጫፍ ባለ ረጅም ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሦስት አውቶቡስ ቀይሮ ደረሰ። የወፍራም ብርድ ልብስ ጥቅል በክንዱ ይዟል፤ ከፍታው ላይ ይበርዳታል ብላ ባለቤቱ ነች የገዛችው።

ደረጃውን ሲጀምር ከላይ ጫጫታ ሰማ። የሕንፃው ሰዎች በአራተኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ ተሰብስበዋል። የሚከራከሩት ስለ ቆሻሻ ነው፤ የት እንደሚጣል፣ ማን ወደ ታች እንደሚያወርድ። አንዷ ሴት «አንተ ከላይ ትወረውረዋለህ፣ እኔ መስኮት መክፈት ተሳነኝ!» ትላለች። አንዱ «እኔ ሕመምተኛ ነኝ፣ ደረጃ አልችልም» ይላል። ሌላው «እንግዲያው ያንተን እኔ ላውርድ፣ አንተ ግን በርሜሉን ግዛ» ይላል። ሁሉም በአንድ ላይ ይናገራል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል፣ መልሶ ይስማማል። ከሁሉ በላይ የእታለም ድምፅ ይሰማል፤ «አንድ በአንድ! አንድ በአንድ ተናገሩ እንጂ!» ጎሚስታው ብርድ ልብሱን እንዳቀፈ ፈገግ አለ። ለካ ሰው እንዲህም ይመካከራል። የሚለውም ነገር ነበረው፤ በርሜል ከየት በቀላሉ እንደሚገኝ ያውቃል።

የመጨረሻውን ደረጃ ሲወጣ አዩት።

ጫጫታው በቢላዋ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። ያች የመስኮቷ ሴት ሻርፗን አስተካከለች። ሕመምተኛው ሰውዬ ከግድግዳው ተላቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። በርሜል ግዛ ያለው ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እንደ ሬዲዮ ባለ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ። በበኩላችን ቤት በመሰጠታችን ሁላችንም በጣም ደስተኞች ነን» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ እኮ... እህቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ጎሚስታው።

«ደስተኞች ነን» አለ ሰውዬው እንደገና።

እታለም ከመሃላቸው ወጥታ ክንዱን ያዘች። ከስታለች። ብርድ ልብሱን ተቀበለችው፤ በመዳፏም ዳሰሰችው። በዐይኗ ውስጥ ቁጣ ፈልጎ አጣ፤ ድካም ግን ነበር፣ ትንሽም ርኅራኄ።

«ባለቤትህን አመስግንልኝ» አለችው በሹክሹክታ። «አንተንም አልጠላሁህም። ይህን እወቅልኝ። አሁን ግን ሂድ። ገና ያልጨረስነው ነገር አለ፤ አንተ እያለህ ደግሞ አይናገሩም።»

«እታለም፣ እኔ እኮ ለማንም አልናገርም።»

«አውቃለሁ። እነሱ ግን አያውቁም።»

ግንባሩን ሳመችውና ተመለሰች። ጎሚስታው መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ከላይ አሁንም ዝምታ ነው። ቆሞ ማዳመጥ አማረው፤ በርሜሉን ማን እንደሚገዛ መስማት ብቻ። ግን ኮቴው ካቆመ፣ ቆሞ እየሰማ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እንደዚያው ዝም ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ እንዲሰሙት ጫማውን ሲሚንቶው ላይ ጠበቅ አድርጎ እየረገጠ፣ እየረገጠ ወረደ።